የሠለጠነ እጅ፣ የታረመ አንደበት፦ ስለ ነርቭ ሥርዓት የአሠራር መታወክ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

  የዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የሚያነሣው በብዙ ቤት ያለ፣ በስሙ ግን እምብዛም የማይጠራ ሕመም ነው። በሕክምናው ዓለም ፋንክሽናል ኒውሮሎጂካል ዲስኦርደር ይባላል፤ ሐኪሞች አሳጥረው ኤፍ ኤን ዲ ይሉታል። እኛ በዚህ ዝግጅት የነርቭ ሥርዓት የአሠራር መታወክ እያልን እንጠራዋለን። ምን ዓይነት ሕመም እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚታከም እንነጋገራለን። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ጥያቄ ላይ እንቆያለን፦ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሕክምና እንዲያገኝ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ምንድን ነው? የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

እስቲ በምሳሌ እንጀምር። አንዲት የ19 ዓመት ተማሪ እናስብ። ፈተና ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ እየጎተተች መራመድ ጀመረች። ሰንበት ብሎ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ ቢጠሯት አትመልስም። ጓደኞቿ ክብሪት ጭረው አሸተቷት። አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው» አለ፤ ሌላው «ለክፏት ነው» አለ፤ ሌላዋ ደግሞ «ፈተና ፈርታ ነው» አለች። ቤተሰቦቿ ጸበል ወሰዷት፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያው በሪፈር ወደ ሆስፒታል ሄደች። ደሟ ተመረመረ። ገንዘብ ተበድረው ኤም አር አይ አስነሧት። በመጨረሻ ሐኪሙ ፊልሙን አይቶ «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው፤ ቤትሽ ሂጂ» አላት። ልጅቱ እግሯን እየጎተተች ወጣች። አባቷም በልቡ «ታዲያ ስታስመስል ነው የከረመችው?» ብሎ ጠየቀ።

ውድ አድማጮች፣ ልጅቱ ለማስረዳት ያቀረብናት ምሳሌ ናት፤ በዚህ መንገድ የሄዱ ሕሙማን ግን በየአገሩ አሉ። ልጅቱን ከሕመሟ እኩል የጎዳት «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ነው። ሐኪሙ ይህን ያለው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከዚህ ሌላ የሚለውን ስላልተማረ ነው። የዛሬው መልእክታችንም ይኸው ነው። ይህን ሕመም ለመለየትና ማከም ለመጀመር ከውድ መሣሪያ በፊት የሠለጠነ እጅና የታረመ አንደበት ያስፈልጋል። ሁለቱም በትምህርት የሚገኙ ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሕመሙ ምንድን ነው? ሰው ሲራመድ፣ ሲናገር፣ እጁን ሲዘረጋ አንጎሉ ትእዛዝ ያወጣል፤ ትእዛዙ በነርቭ በኩል ጡንቻ ይደርሳል፤ ከጡንቻና ከቆዳ ደግሞ መልእክት ወደ አንጎል ይመለሳል። በስትሮክ ጊዜ የአንጎሉ ክፍል ደም አጥቶ ይሞታል። ዕጢ ሲያድግ አካባቢውን ይጫናል። እነዚህ ጉዳቶች በምስል ይታያሉ። በነርቭ ሥርዓት የአሠራር መታወክ ግን የተዛባው ትእዛዝ የሚወጣበትና መልእክት የሚነበብበት አሠራር ነው። ክራርን አስቡ። እንጨቱ አልተሰነጠቀም፣ ክሩም አልተበጠሰም፤ ቅኝቱ ከጠፋ ግን ዜማው አይወጣም። የተለመደው ኤም አር አይ የሚያሳየው እንጨቱንና ክሩን ነው፤ ቅኝቱን አያሳይም። ስለዚህ የምስሉ ደኅና መሆን የሰውዬውን ጤነኛነት አያረጋግጥም።

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው። እጅ ወይም እግር ይደክማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይንቀሳቀስም። እጅ ይንቀጠቀጣል። አረማመድ ይበላሻል። ግማሽ ሰውነት ይደነዝዛል። ድምፅ ይጠፋል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ዓይን ይጋረዳል። የሚጥል በሽታ የሚመስል መውደቅና መንቀጥቀጥም አለ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን በሚጥል በሽታ ላይ የሚታየው የአንጎል ኤሌክትሪክ መናወጥ አይኖርም። ድካም፣ የሰውነት ሕመም፣ የእንቅልፍ መዛባትና የማስታወስ ችግርም አብረው ይመጣሉ። ሴቶች ከወንዶች በዛ ብለው ይታመማሉ፤ ወንዶችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንንም ግን አይምርም።

«ብርቅ በሽታ ነው?» ብትሉ አይደለም። በስኮትላንድ ወደ ነርቭ ክሊኒኮች አዲስ የተላኩ 3781 ሕሙማን ተመዝግበው ውጤቱ በ2010 ታትሟል። ከራስ ምታት ቀጥሎ ሰዎችን ወደ ነርቭ ሐኪም ያመጣው ምክንያት የዚህ ወገን የሆኑ የአሠራርና የስነ ልቡና ምልክቶች ሆነው ተገኙ። ከ100 ሕሙማን 16 ያህሉ ማለት ነው። የሚጥል በሽታ እንኳ ከዚህ በታች ነበር። እንዲህ የተለመደን ሕመም አንድ ሐኪም በትምህርት ቤት ሳለ በስም ብቻ ሰምቶ ካለፈ፣ የጎደለው ትምህርቱ ነው።

«ማስመሰል አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄም በግልጽ መመለስ አለበት። አይደለም። የአንጎልን ሥራ በሚያሳዩ ልዩ የኤም አር አይ ጥናቶች፣ «ይህን እንቅስቃሴ ያደረግሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ስሜት የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል በእነዚህ ሕሙማን ላይ በተለየ ሁኔታ ሲሠራ ታይቷል። እጁ የሚንቀጠቀጥበት ሰው መንቀጥቀጡን እኔ አደረግሁት አይልም፤ በእርግጥም አላደረገውም። ሌላም አለ። ሰውነቱን በትኩረት በተከታተለው ቁጥር ምልክቱ ይብሳል፤ ልቡ ወደ ሌላ ነገር ሲሄድ ይቀልለታል። ይህ የማታለል ማስረጃ ሳይሆን የበሽታው ጠባይ ነው፤ ወደ ሕክምናውም የሚያደርሰን ይኸው ጠባይ ነው።

መነሻው ምንድን ነው? አንድ ብቻ አይደለም። በአንዳንዱ ሰው ላይ ሕመሙ የሚነሣው ከመውደቅ ወይም ከመገጨት በኋላ ነው። በሌላው ላይ ከከባድ ማይግሬን፣ ከኢንፌክሽን፣ ራስን ከመሳት ወይም ከድንገተኛ ፍርሃት ቀጥሎ ይመጣል። በልጅነት ጥቃት የደረሰባቸው፣ ሐዘንና መከራ የተፈራረቀባቸው ሰዎች ለሕመሙ የበለጠ ይጋለጣሉ። ይሁን እንጂ ምንም ዓይነት የስሜት ጉዳት ሳይደርስባቸው የሚታመሙ አሉ። ለዚህም ነው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው 5ኛው የምርመራ መመሪያው፣ ምርመራውን ለመስጠት የግድ የስሜት መነሻ መገኘት አለበት የሚለውን መስፈርት ያነሣው። በምትኩ ሐኪሙ በአካል ምርመራ የሚያገኛቸውን ምልክቶች አስቀደመ። ስለዚህ በሽተኛን «የደበቅከውን ምሥጢር ካልነገርከኝ አትድንም» ብሎ ማስጨነቅ ትክክል አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ የዛሬው ችግር ሥሩ እዚያ ነውና። የጥንት ግሪክ ሐኪሞች ይህን መሰሉን ሕመም የሴት ብቻ አድርገው፣ ማኅፀን ከቦታው ተነሥቶ ይንከራተታል ብለው ያስቡ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓሪስ በሚገኘው ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል ዣን ማርታን ሻርኮ የተባለው የነርቭ ሐኪም ጉዳዩን በቁም ነገር ያዘው፤ ወንድ ሠራተኞችም እንደሚታመሙ በሕሙማኑ ላይ አሳየ። ተማሪው ጆሴፍ ባቢንስኪ በ1896 የውስጥ እግርን በመጫር የሚደረገውን ምርመራ ገለጸ። ይህ ምርመራ የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ጉዳትን ከእንዲህ ያለው ሕመም ለመለየት የሚረዳ ሲሆን፣ ዛሬም ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ይማረዋል። በ1885 ከቪየና መጥቶ ከሻርኮ የተማረው ሲግመንድ ፍሮይድ ደግሞ የታፈነ ስሜት ወደ አካል ምልክት ይለወጣል የሚለውን ሐሳብ ይዞ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ለሁለት ተከፈለ። የነርቭ ሐኪሙ «ምስሉ ደኅና ነው፤ ይህ የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው» ይላል። የአእምሮ ሐኪሙ ደግሞ «ይህ ሰው ሽባ ሆኗል፤ የነርቭ ሐኪም ይየው» ብሎ ይመልሰዋል። በሽተኛው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ ቀረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ቁስል ሳይታይባቸው እየተንቀጠቀጡ፣ ድምፃቸው እየተዘጋ፣ እግራቸው አልሄድ እያለ ከግንባር ሲመለሱ እንኳ ብዙዎቹ ፈሪ ተብለው ተሰድበዋል።

በ1965 ለንደን ውስጥ ኤሊየት ስሌተር የተባለ የአእምሮ ሐኪም አንድ ጽሑፍ አወጣ። ይህ ሕመም አለባችሁ ከተባሉት ሕሙማን ብዙዎቹ በኋላ ሌላ በሽታ ተገኘባቸው አለ። ከዚያ በኋላ የተማሩ ሐኪሞች ምርመራውን መስጠት ፈሩ፤ «ሌላው ሁሉ ተፈልጎ ሲጠፋ ብቻ» የሚል ልማድም ጸና። በ2005 የስኮትላንድ ሐኪሞች የብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ግን፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የስሕተቱ መጠን ከ100 ሰው 4 ያህል ብቻ መሆኑን አገኙ። ይህ በሌሎች የነርቭና የአእምሮ በሽታዎች ምርመራ ላይ ከሚታየው ስሕተት የማይበልጥ ነው። ፍርሃቱ ግን ከብዙ የማስተማሪያ አዳራሽ ገና አልወጣም።

(አጭር ሙዚቃ)

የሠለጠነ እጅ ያልነው እዚህ ላይ ይመጣል። በሽታው የሚለየው በጎደለው ነገር ሳይሆን በሚገኘው ነገር ነው። በ1908 አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሁቨር አንድ ቀላል ምርመራ ገለጸ። በሽተኛዋ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትተኛለች። ሐኪሙ መዳፉን ከደከመው እግሯ ተረከዝ ሥር አድርጎ «ወደ ታች ተጫኚ» ይላታል። አትችልም፤ እግሯ ኃይል የለውም። ቀጥሎ «አሁን ደግሞ ደኅናውን እግርሽን ወደ ላይ አንሺ» ይልና ያንን እግር በሌላ እጁ ወደ ታች ይይዘዋል። ደኅናውን ለማንሣት ስትታገል የደከመው እግር ሳታስበው በሙሉ ኃይሉ ወደ ታች ይጫናል። ሐኪሙ በመዳፉ ይሰማዋል። ከአንጎል ወደ እግር የሚወስደው መስመር አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ያስቸገረው አስባ ስታዝዘው ነው። ይህ ምርመራ መብራት አይፈልግም፣ ፊልም አይፈልግም፤ ሁለት እጅና ትንሽ ጊዜ ይበቃዋል።

ለሚንቀጠቀጥ እጅም እንዲሁ አለ። በሽተኛው በደኅናው እጁ የሐኪሙን ምት ተከትሎ ጠረጴዛ እንዲመታ ይደረጋል። ያኔ የሚንቀጠቀጠው እጅ ወይ ይቆማል ወይም ያንኑ ምት ይከተላል። በሌሎች የመንቀጥቀጥ በሽታዎች እንዲህ አይሆንም። መውደቅና መንቀጥቀጥ ሲኖር ደግሞ ጤና ባለሙያው ሁኔታውን ያየውን ሰው በዝርዝር ይጠይቃል። በሚጥል በሽታ ጊዜ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው፤ መንቀጥቀጡም ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ሦስት ደቂቃ አያልፍም። በአሠራር መታወክ ጊዜ ዓይን ብዙውን ጊዜ ጥብቅ ብሎ ይጨፈናል፤ ራስ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መንቀጥቀጡ እየበረታና እየቀነሰ ረዘም ይላል። አንዱ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ ተደማምረው ነው የሚመሰክሩት። እርግጡን የሚያረጋግጠው ከቪዲዮ ጋር የሚነሣ፣ ኢኢጂ የሚባል የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ነው። እሱ በሌለበት ቦታ ቤተሰብ በስልክ የቀረጸው ምስል ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

መዘግየቱ ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ። በ2002 የታተመ አንድ የጀርመን ጥናት፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ያለባቸው ሕሙማን ትክክለኛውን ምርመራ እስኪያገኙ በአማካይ ከ7 ዓመት በላይ እንደጠበቁ አሳይቷል። በእነዚያ ዓመታት ብዙዎቹ የማያስፈልጋቸውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሲውጡ ኖረዋል። አንዳንዶች ድንገተኛ ክፍል ገብተው ዲያዜፓም የተባለ ማረጋጊያ መድኃኒት በተደጋጋሚ ተወግተው ትንፋሻቸው ደክሟል፤ በማሽን እንዲተነፍሱ የተደረጉም አሉ። የስልጠና ጉድለት በሽተኛውን እስከዚህ ድረስ ይጎዳል።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። የሚጥል በሽታ በገጠራችን የተለመደ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የወደቀ ሰው ሲመጣ የጤና ባለሙያው ልብ መጀመሪያ ወደዚያ ቢሄድ አያስገርምም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኖባርቢታልም ይታዘዛል። ችግሩ የሚመጣው የአሠራር መታወክ የሚለው ሁለተኛው አማራጭ ከነጭራሹ ሳይታሰብ ሲቀር ነው። በሌላ በኩል ትክክለኛ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው «ጭንቀት ነው» ብሎ መድኃኒት መከልከል ሕይወት ያስከፍላል። ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ሰውም አለ፤ በጥናቶች የአሠራር መታወክ መንቀጥቀጥ ካለባቸው ከ5 ሰዎች አንዱ ገደማ የሚጥል በሽታም አለበት። ስለዚህ ትምህርቱ የሚያስፈልገው ሁለቱንም ስሕተት ለመከላከል ነው።

መሠረት የሚሆን ሥራ በአገራችን ተሠርቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ስልጠናን በ2003፣ የነርቭ ሕክምናውን ደግሞ በ2006 በአገር ውስጥ ጀምሯል። ከዚያ በፊት በእነዚህ ሙያዎች ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር ማዶ መሻገር ግድ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮና የነርቭ ሕመሞችን በአጠቃላይ ባለሙያዎች ለማከም ያወጣውን መርሐ ግብር ኢትዮጵያ በ2010 መሞከር ጀምራለች፤ የሚጥል በሽታም በውስጡ አለ። በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ የተካሄደው ሥራም የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሠልጥኖ ድጋፍ ካገኘ የአእምሮ ሕመምን ማከም እንደሚችል አሳይቷል። በዚሁ ስልጠና ላይ ስለ አሠራር መታወክ አንድ ክፍለ ጊዜ መጨመር አዲስ ሆስፒታል መገንባት አይጠይቅም።

ባለሙያዎቹ ምን ይማሩ ቢባል አምስት ነገር እንጠቅሳለን። አንደኛ፣ ከላይ የገለጽናቸውን የእጅ ምርመራዎች በተግባር። ኢንተርን ሐኪም፣ ጤና መኮንንና ነርስ መጽሐፍ ላይ አንብበው ብቻ ሳይሆን በአልጋ አጠገብ እጃቸውን አሟሽተው ይማሩት። ሁለተኛ፣ ፈጽሞ ሊዘነጉ የማይገባቸውን አደገኛ ምልክቶች። ሦስተኛ፣ ምርመራውን ለበሽተኛው መንገር። አራተኛ፣ በድንገተኛ ክፍል መድኃኒት ሳያበዙ መርዳት። አምስተኛ፣ የነርቭ ሐኪሙ፣ የአእምሮ ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቱ አንድን በሽተኛ አብረው መያዝ።

ሦስተኛው የታረመ አንደበት ያልነው ነው። ሐኪሙ «ምንም የለብሽም» በማለት ፈንታ እንዲህ ቢል ተመልከቱ፦ «እኅቴ፣ የእግርሽ መድከም እውነተኛ ነው። ያስመሰልሽውም አይደለም። ስሙ የነርቭ ሥርዓት የአሠራር መታወክ ይባላል፤ ብዙ ሰው ይይዘዋል። ያወቅሁትም በዚህ ምርመራ ነው፤ አሁን ደግመን እንየው። አየሽ? ደኅናውን ስታነሺ የደከመው እግርሽ በረታ። መንገዱ አልተቆረጠም፤ ስለዚህ መሻሻል ይችላል።» ይህን መናገር ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። በሽተኛዋ ግን ስም ይዛ፣ ተስፋ ይዛ ትወጣለች፤ አባቷም የሚጠረጥረው ነገር አይኖረውም። ለመሻል የመጀመሪያው ርምጃ ይህ ማብራሪያ ነው።

የአንደበቱ ነገር በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንንም ይመለከታል። ይህ ሕመም ለመለየትም ንግግር የሚፈልግ፣ በንግግር መታከም የሚጀምር በመሆኑ በቋንቋ መግባባት ከሌለ ሕክምናው ይሰናከላል። በአሜሪካ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለበሽተኛ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እዚያ ያላችሁ አድማጮች የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጅ የማይችለው፣ ሊሰማውም የማይገባ ነገር አለና። በአረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅት ከወደቀችና እጅና እግሯ ካልታዘዘ ደግሞ፣ አብረዋት ያሉት ስለ ሕመሟ በቋንቋዋ የሚጠይቃትን ሰው በስልክም ቢሆን ያገናኟት።

(አጭር ሙዚቃ)

ሕክምናው ምንድን ነው? ይህን በሽታ ለይቶ የሚያድን ክኒን የለም። አብረው ያሉት ድባቴ፣ ማይግሬን፣ የእንቅልፍ ችግርና ሕመም ግን መታከም አለባቸው። ለድካም፣ ለእጅ መንቀጥቀጥና ለአረማመድ የሚረዳው ለዚህ ሕመም የተቃኘ ፊዚዮቴራፒ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ «እግርህን አተኩረህ አንሣ» አይልም፤ ትኩረቱ ነው ያሰረው። ይልቁንም ወደ ኋላ ያስኬደዋል፣ በምት ያራምደዋል፣ እያወራ ያስኬደዋል፤ ሰውነት ያለ ሐሳብ የሚያውቀውን እንቅስቃሴ ቀስ በቀስ መልሶ እንዲያገኝ ያደርጋል። የሚጥል በሽታ ለሚመስለው መውደቅና መንቀጥቀጥ ደግሞ ሳይኮቴራፒ የሚባለው የንግግር ሕክምና ይረዳል። በሽተኛው ከመውደቁ በፊት የሚሰማውን ምልክት ማወቅን፣ ያኔ አሳቡን ወደ ዙሪያው መመለስን፣ ከፍርሃት የተነሣ የተዋቸውን ሥራዎች ቀስ እያለ መቀጠልን ይማራል።

ሕክምናው ሁሉን ያድናል ብለን አንዋሻችሁም። በብሪታንያ 368 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2020 የታተመ ሙከራ፣ የንግግር ሕክምናው ከዓመት በኋላ የመንቀጥቀጡን ብዛት በጉልህ እንዳልቀነሰ፣ ነገር ግን የሕሙማኑን የኑሮ ደኅንነትና ማኅበራዊ ሕይወት እንዳሻሻለ አሳይቷል። በ2024 የታተመው የፊዚዮቴራፒ ሙከራ ደግሞ 355 ሰዎችን ይዞ ነበር። በዋናው መለኪያ ከተለመደው ሕክምና የሚለይ ውጤት አላገኘም፤ ልዩ ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ግን ምልክታችን ተሻለ ያሉት በብዛት ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት ከተከታተሏቸው ሕሙማን ከ10ሩ 4 ያህሉ ባሉበት እንደቀሩ ወይም እንደባሰባቸው ታይቷል። የተሻለ ዕድል የነበራቸው ወጣቶችና ቶሎ ምርመራ ያገኙት ናቸው። የመጀመሪያውን ሐኪም ማሠልጠን አስፈላጊ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ለዚህ የሚሆኑ ባለሙያዎች በአገር ውስጥ አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስመርቃሉ። በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ነርሶችና ባለሙያዎች ተመድበዋል። የሚቀረው እነዚህን ባለሙያዎች ስለ ሕመሙ አስተምሮ ማገናኘት ነው። ጸበልን በተመለከተም በሽተኛውን ከእምነቱ ጋር ማጣላት አያስፈልግም፤ ጸሎቱም ሕክምናውም ጎን ለጎን ይሂዱ። መድኃኒት አቁም ማለት ግን ከማንም ወገን ቢመጣ አደገኛ ነው።

ከመሰናበታችን በፊት ለቤተሰብ የሚሆን ምክር እንስጥ። ሰው ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት አታሽትቱ፤ ማንኪያም ሆነ ጣት በአፉ አትክተቱ። ከእሳትና ከስለት አርቁት፣ ከራሱ በታች ለስላሳ ነገር አድርጉለት፣ አጥብቃችሁ አትያዙት፤ ሲረጋጋ በጎኑ አስተኙት። መንቀጥቀጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ወይም ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። ፊት በአንድ ጎን ድንገት ከተጣመመ፣ እጅና እግር ድንገት ከዛለ፣ ንግግር ድንገት ከተወላገደ «ነርቭ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ፈጥናችሁ ሆስፒታል ድረሱ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ ሰው በራሱ ፈቃድ በድንገት አያቁም፤ ምርመራው ቢለወጥም እንኳ የሚቀነሰው በሐኪም ነው። ምርመራውን ያወቀን ሰው ደግሞ በየቀኑ «ዛሬስ እግርህ እንዴት ነው?» እያላችሁ አታስጨንቁት፤ ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርቱና ወደ ወዳጆቹ እንዲመለስ አግዙት።

ውድ አድማጮች፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ኃላፊዎችና መምህራን፣ ይህን ሕመም የሚያስተምር ክፍለ ጊዜና የአልጋ አጠገብ ልምምድ በሥርዓተ ትምህርታችሁ ውስጥ አስገቡ። በጤና ጣቢያና በድንገተኛ ክፍል ያላችሁ ባለሙያዎች፣ «ምንም የለብህም» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አውጡት፤ በምትኩ ለበሽተኛው የሕመሙን ስም ንገሩት። ሕሙማንና ቤተሰቦች ደግሞ «ታዲያ ስሙ ምንድን ነው? ቀጥሎስ ወዴት ልሂድ?» ብላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። ይህ ሕመም ስም አለው፣ ምርመራ አለው፣ ሕክምናም አለው። ሦስቱም ለበሽተኛው የሚደርሱት ግን ባለሙያው ሲሠለጥን ነው።